ሎንግየርብየን፣ ስቫልባርድ ለሥራ ለሚሄድ፦ ወረቀት፣ ጨለማ፣ ብርድና እንጀራ

የሐረሯ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኦስሎ ነው፣ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። የስቫልባርድ ደሴቶች ዋና ከተማ በሆነችው ሎንግየርብየን ውስጥ የሆቴል ጽዳት ሥራ ውል ቀርቦልኛል፤ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ሜይ መጨረሻ። ቦታው በሰሜን 78ኛው ዲግሪ ላይ እንደሆነና እ.ኤ.አ. በ1906 የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠፈር ሆኖ እንደተቆረቆረ አንብቤያለሁ። ከመፈረሜ በፊት የምጠይቃችሁ፦ «ስቫልባርድ ቪዛ አያስፈልግም» የሚባለው ለእኔ ምን ማለት ነው? የቱ ወር ነው የሚከብደው፣ ምን ልልበስ? ጤፍና በርበሬ ይገኛል ወይስ ተሸክሜ ልሂድ? በእግር መንቀሳቀስስ እንዴት ነው? ባለቤቴ ደግሞ አገር ቤት በማዕድን ሥራ ልምድ አለው፣ እሱስ ሥራ ያገኝ ይሆን? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

የወረቀት ሰው መለሰ፦

እህቴ፣ ከልብሱም ከምግቡም በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ነው፤ የኖርዌይ የውጭ ዜጎች ሕግ ግን እዚያ አይሠራም፣ የሸንገን ክልል ውስጥም አይደለም። ለመግባትም ለመሥራትም ቪዛ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ያውም ሁለት ጊዜ የሚያስገባ፤ አለዚያ ሲመለስ መውጫ ያጣል። «ያለ ቪዛ አውሮፓ» እያሉ ከወገን ገንዘብ የሚሰበስቡትን እባካችሁ አትመኑ። እዚያ የማኅበራዊ ድጎማ የለም፤ ራሱን ማስተዳደር ያልቻለን ሰው የደሴቶቹ አስተዳዳሪ ማስወጣት ይችላል።

ወደ አንቺ ስንመጣ፣ ስቫልባርድ የቆየሽበት ጊዜ ኖርዌይ እንደኖርሽ አይቆጠርልሽም። ለቋሚ ፈቃድ ወይም ለዜግነት ዓመት እየቆጠርሽ ከሆነ ዘጠኙ ወር እንደ ውጭ አገር ቆይታ ይታያል፤ እንደ ፈቃድሽ ዓይነት ቆጠራውን ሊያቋርጥብሽም ይችላል። ስለዚህ ለዩዲአይ (ለኖርዌይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የመነሻና የመመለሻ ቀንሽን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ። ስትመለሺ የፓስፖርት ቁጥጥር ስላለ ፓስፖርትሽም ሆነ የፈቃድ ካርድሽ ከሜይ በኋላ ብዙ ወር የሚቀረው ይሁን።

ከስድስት ወር በላይ ስለምትቆዪ ሎንግየርብየን ባለው የግብር ቢሮ በነዋሪነት መመዝገብ አለብሽ። የገቢ ግብሩ ለተራ ደሞዝ 8 በመቶ ነው፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይጨመርበታል። ቤት በአብዛኛው የአሠሪ ነው፤ በገበያ የሚከራይ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ኪራዩ ማሞቂያና መብራትን ይጨምራል ወይ፣ ወጥ ቤቱን ስንት ሰው ይጋራል፣ ሥራው ቢቋረጥ ክፍሉን በስንት ቀን ትለቂያለሽ። በተለይ የመጨረሻውን አደራ! ሥራና ቤት አንድ ላይ ከሄዱ የሚቀርሽ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት ብቻ ነው።

ዋልታ መለሰ፦

ስለ ወቅቱ እኔ ልመልስ። እዚያ ዓመቱን የሚከፍለው ብርሃኑ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ስትደርሺ ቀኑ ይመሻል ይነጋል፤ ነገር ግን በየቀኑ ከ20 ደቂቃ በላይ ብርሃን ይቀንሳል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ኦክቶበር 26 አካባቢ፣ በእኛ ጥቅምት 16፣ ፀሐይ ጨርሳ ትሰናበታለች። ከኖቬምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 29 ባለው ጊዜ ቀትር ላይ እንኳ ወገግታ የለም፤ ስድስት ሰዓት ቀንም ስድስት ሰዓት ሌሊትም ያው ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ መሆን ይጀምራል። ፀሐይ አድማሱን የምታልፈው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ቢሆንም ከተማዋ ተራራ መሃል ስለተቀመጠች ጨረሩ የሚገባት ማርች 8 አካባቢ ነው። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ የድሮው ሆስፒታል ደረጃ ጋ ተሰብስቦ ይቀበላታል። ቀጥሎ ብርሃኑ በሄደበት ፍጥነት ይረዝምና ከኤፕሪል 20 እስከ ኦገስት 22፣ ማለትም ከሚያዝያ 12 ፍልሰታ እስኪፈታ፣ ፀሐይ አትጠልቅም።

የሚከብደው ወር ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ዲሴምበርን ሁሉም ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ያልፋል። ብዙ ሰው የሚዝለው ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ጨለማው መጀመሪያ የሚያበላሸው እንቅልፍን ነው፤ ሰውነት የሚነቃበትን ሰዓት የሚነግረው ብርሃን ስላጣ መኝታ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይሄዳል። መፍትሔው ከኦክቶበር ጀምሮ በእረፍት ቀንም በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ እንደተነሡም 10,000 ሉክስ በሚሰጥ የብርሃን መብራት ፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቀመጥ ነው። ከቀትር በኋላ ከሆነ ጭራሽ እንቅልፍ ይከለክላል። የዓይን ሕመም ካለብሽ ወይም ስሜትን የሚነካ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ። ቫይታሚን ዲ በቀን 10 ማይክሮግራም ይበቃል፤ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት 5 ሚሊ ሊትር ያንኑ ይሰጣል። ዓሣ በጾም የማትቀምሺ ከሆነ ክኒኑን ያዢ። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጥቁር መጋረጃ ብቻ አይበቃም፣ ብርሃኑ በጠርዝ በጠርዙ ይገባል፤ ዳርና ዳሩን ከግድግዳው ጋር በማጣበቂያ ቴፕ ዝጊው።

ብርዱ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፣ ሞቃት የባሕር ጅረት ያለዝበዋል። ክረምቱን በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፣ አንዳንዴ 30 ይደርሳል። በአውሮፕላን ማረፊያው የተመዘገበው ዝቅተኛ ከዜሮ በታች 46.3 ነው፣ በማርች 1986። መፍራት ያለብሽ ነፋሱን ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢነፍስ ፊትሽ ላይ 33 ሆኖ ይሰማሻል። ሌላው ክፉ ነገር በጃንዋሪ መሃል የሚጥል ዝናብ ነው። በረዶው ላይ ዘንቦ በማግሥቱ ሲቀዘቅዝ መንገዱ ሁሉ መስታወት ይሆናል፤ ሰው እጁን የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው። ኖርዌዮች ብሮደር የሚሉትን ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ከቦርሳሽ አይታጣ።

ልብስ፦ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ሥራ ጨርሰሽ ስትወጪ ያቀዘቅዝሻል። በላዩ ወፍራም ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ። ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል። ስትሞክሪው ወፍራም ካልሲና የሱፍ ሶል አድርገሽበት ጣቶችሽ እንደልብ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ከጠበበ ሙቀት የሚይዘው አየር ይጠፋል፣ ደምም በደንብ አይዞርም፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን እግርሽ ይበርደዋል። ጓንት ሁለት ድርብ፣ የላይኛው አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት። ስልክሽን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዢው፤ ባትሪ በብርድ 40 በመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል። የቤት ጫማም አትርሺ፦ ሆቴል፣ ሙዚየምና ብዙ መሥሪያ ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የከሰል አቧራ ወደ ቤት እንዳይገባ የተጀመረ የማዕድን ሠራተኞች ልማድ ነው፣ እስከ ዛሬ ይከበራል።

ለባለቤትሽ፦ የመጨረሻው የኖርዌይ ከሰል ማውጫ፣ ጉድጓድ ቁጥር 7፣ በጁን 2025 ተዘግቷል። የኃይል ማመንጫውም በኦክቶበር 2023 ከከሰል ወደ ናፍጣ ዞሯል። እዚያው ስቫልባርድ ውስጥ ባረንትስበርግ በሚባለው ሠፈር ከሰል የሚያወጣው የሩሲያ ድርጅት የራሱን ሰው ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ማዕድን ብሎ አይምጣ፤ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ ወይም የከባድ ማሽን ጥገና ከቻለ ግን በዚያ ይሞክር።

እርሾ መለሰች፦

ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ ከኦስሎ ይዘሽ ሂጂ። ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሩዝ ሱቅ አለ። ወተትና አትክልት በአውሮፕላን ነው የሚገባው፤ ማዕበል በረራ ሲያስቀር ቲማቲምና ሰላጣ ከመደርደሪያው ይጠፋል፣ ስለዚህ የታሸገ ቲማቲም ጥቂት ጣሳ ቤት ይኑር። ተጨማሪ እሴት ታክስ ባይኖርም ትኩስ ምግብ ውድ ነው።

ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ከተፈቀደልሽ 15 ኪሎ ጤፍ፣ 2 ኪሎ በርበሬ፣ 3 ኪሎ ሽሮ ያዢ፤ ጤፉን እኩል በገብስ ወይም በስንዴ ዱቄት ብታባዢው ብዙ ያስኬድሻል። እርሾሽን በደረቁ ውሰጂው፦ ሊጡን ወረቀት ላይ ስስ አድርገሽ አድርቂና ፈርፍረሽ በፕላስቲክ ቋጥሪው። እዚያ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠሽ ሁለት ቀን ብታሳድሪው ይነሣል።

ቤቱ ውስጥ ሙቀት አለ፣ ስለዚህ ሊጡ መኮምጠጥ አያቅተውም። ጠላትሽ ድርቀቱ ነው። ከዜሮ በታች 20 የሆነው የውጭ አየር ገብቶ ሲሞቅ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ባልዲው በደንብ ካልተከደነ የሊጡ ፊት ቆዳ ያወጣል፣ ያ ቆዳ ሲበጠበጥ ጓጎላ ይሆንና ዓይኑን ያበላሻል። በሊጡ ላይ አንድ ጣት ውኃ አቁሚበት፣ ክደኚው፣ ወለሉ የሚሞቅ መታጠቢያ ቤት ካለ እዚያ አስቀምጪው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የቆመውን ውኃ ድፊ፣ ከሊጡ አንድ አሥረኛውን በሦስት እጥፍ ውኃ አብስለሽ አብሲት ጣዪ። እንጀራው ሲወጣ እንደ አገር ቤት ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ ካልሽ ጠርዙ በአሥር ደቂቃ ይሰነጠቃል፤ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰሽ አቀዝቅዢና ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺ።

የበረዶ መንገድ መለሰ፦

በከተማው ውስጥ እንደልብሽ በእግር ትሄጃለሽ፤ አንጸባራቂ ነገርና የግንባር መብራት አድርጊ። ከከተማው ወሰን ውጭ ግን የዋልታ ድብ ማባረሪያ መያዝ ግዴታ ነው፣ ጠመንጃም ይመከራል፤ ለጠመንጃው የአስተዳዳሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድም ልምድም ከሌለሽ ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አትውጪ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ድብ ካየሽ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ አለብሽ፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ 500 ሜትር።

ብዙ እንግዳ ድቡን ሲፈራ በረዶ ናዳውን ይረሳል። ዲሴምበር 19 ቀን 2015 ከሱከርቶፐን ተራራ የወረደው ናዳ 11 ቤት ገፍቶ ሁለት ሰው ገድሏል፣ እዚያው መኖሪያ ሠፈር ውስጥ። ከምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ በረዶውን ከተራራው ጀርባ ጠርጎ በከተማው በኩል ባለው ገደል ላይ ይከምረዋል፤ ክምሩ ራሱን መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ የብረት አጥርና መከላከያ ግድብ ተሠርቷል፣ ቤቶችም ተነሥተዋል። ከመፈረምሽ በፊት የምትሰጪው ክፍል የት ሠፈር እንደሆነ ጠይቂ። ከማዕበል በኋላ ቫርሶም የሚባለውን የናዳ ትንበያ እዪ፣ ልቀቁ ከተባለ ሻንጣ ሳትሸክፊ ውጪ።

የበረዶ ሞተር ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው የሚነዳው፣ መንጃ ፈቃድም አለው። ከመነሣትሽ በፊት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቂ፣ ስኪውንና የኋላ ሰንሰለቱን ነቅንቀሽ ከበረዶው አላቂ። በብርድ የደረቀ ቀበቶ ከቆመበት በኃይል ከተሳበ ይበጠሳል፣ ስለዚህ መለዋወጫ ቀበቶ፣ ካንዴላ፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ ይኑር። ስልክ ከከተማው ትንሽ ራቅ ሲሉ አይሠራም፤ የሳተላይት መጥሪያ የያዘ ሰው አብሮሽ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሆስፒታሉ ትንሽ ነው፣ መውለጃም የለውም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ከመውለጃሽ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድመሽ ወደ ዋናው ምድር መሄድ አለብሽ።

የሐረሯ ጠየቀች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ለዩዲአይ እጽፋለሁ። እርሾ፣ ቡናውስ? ጥሬ ይዤ ብሄድ መቁላት ይቻላል?

እርሾ መለሰች፦

በሠራተኛ ቤት ውስጥ ጭስ ጠቋሚው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው፤ የቡና ጭስም ዕጣንም ያስጮኸዋል፣ በሐሰት ለመጡበትም ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ኦስሎ ቆልተሽ፣ ሳትፈጪው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቋጥረሽ ውሰጂ፤ ያልተከፈተውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ስታወጪው ከረጢቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቺው፣ አለዚያ እርጥበት ፍሬው ላይ ያርፍና ጣዕሙ ይሄዳል። ጀበናና ሙቀጫ ከልብስሽ መሃል ጠቅልለሽ ያዢ።