የ48 ቮልት መስመራችን ያፏጫል! ነገ ፈተና አለን፣ ድረሱልኝ

የገጠር መምህር፦
ሰላም ጓዶች። ትምህርት ቤታችን የሚሠራው በሶላር ነው። ከ48 ቮልት ባትሪ 40 ሜትር ገመድ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ኮንቨርተር ወደ 19 ቮልት አውርዶ 10 ላፕቶፕ ይመግባል። አንድ ላፕቶፕ ሲሰካ ሰላም ነው። ሁለተኛው ሲጨመር ሳጥኑ ማፏጨት ይጀምራል። ሦስተኛው ሲሰካ ሁሉም ቻርጅ ያቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ያቆማሉ። መልቲሜትሩ 50 ቮልት ነው የሚለው፣ ንቅንቅ አይልም። ነገ ጠዋት ሞዴል ፈተና ነው!

ገመዱ፦
ገመድህ ቀጭን ነው። ወፍራም አድርገው።

ቶማስ፦
ዲሲ (የባትሪ ከረንት) 40 ሜትር ጎትት ያለህ ማነው? ዲሲውን ወደ ኤሲ፣ ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ግዛና ተገላገል።

የገጠር መምህር፦
ለኢንቨርተር በጀት የለም። ገመዱን ባለፈው ሳምንት ከ4 ወደ 10 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ቀየርኩት። በፊት እስከ 3 ላፕቶፕ ይችል ነበር፣ አሁን ባሰበት።

ዋሽንት ነፊ፦
ዜማው ምንድነው? አንቺ ሆዬ ነው ባቲ?

ፊዚክስ ወዳጅ፦
ወገኖች፣ ከሥሩ እንጀምር። ባለ ክር አምፖል ቮልት ሲወርድበት ከረንቱም ይወርዳል። ስዊቺንግ ኮንቨርተር (ያንተ ሳጥን ዓይነቱ) ግን የሚፈልገውን ዋት አይለቅም፤ ቮልት ሲወርድ ከረንት ይጨምራል። ለመስመሩ ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ (የተገላቢጦሽ ሬዚስታንስ) ሆነበት ማለት ነው። 10ሩም ላፕቶፕ ሲሰካ፣ በ600 ዋት፣ 50×50÷600፣ ማይነስ 4 ኦም ገደማ። የአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሚድልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የምንጩ ኢምፒዳንስ (ለሚወዛወዝ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ከሎዱ፣ ማለትም ከኮንቨርተሩ ኢምፒዳንስ በጣም ማነስ አለበት፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ...

ዋሽንት ነፊ፦
ፕሮፌሰር፣ ፈተናው ነገ ነው።

ገመዱ፦
16 ካሬ ሞክር።

ሄለን ኤሌክትሮ፦
16 ካሬ እንዳትሞክር! ገመዱ ሲወፍር ባሰበት ማለትህ ነው ፍንጩ። ቮልቱ በፍጥነት ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፤ ያንን ያበርድ የነበረው የቀጭኑ ገመድ ሬዚስታንስ ነው። መልቲሜትር ደግሞ አማካዩን ብቻ ነው የሚያሳይህ። እውነቱን ንገረኝ፣ ኮንቨርተሩ መግቢያ ላይ ምን ነካክተሃል?

የገጠር መምህር፦
ኧረ ምንም። የርዕሰ መምህሩ ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ 220 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል አስገባሁ እንጂ። ያበጠውን ካፓሲተርም አውጥቼ 47 ማይክሮ ፋራድ ፊልም የሚባለውን ዓይነት ተካሁ፣ አይደርቅም ብዬ።

ሄለን ኤሌክትሮ፦
እና ይሄ "ምንም" ነው? 😅 ገመዱን ጨምረህ 255 ማይክሮ ሄንሪ አካባቢ ይሆናል። ከ47 ማይክሮ ፋራድ ጋር 1500 ኸርዝ ገደማ ይዘምራል፣ ፉጨቱ እሱ ነው። በ600 ዋት ለመርጋት 1.3 ኦም የመስመር ሬዚስታንስ ያስፈልግሃል፣ ያለህ 0.2 ቢሆን ነው። 1.3 ኦም መስመሩ ላይ ብትሰካ ደግሞ ኃይልህን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከፊልሙ ጎን ለጎን 470 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ግጠም፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 1 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር። በዚያ በኩል ዲሲ ስለማያልፍ ኃይል አታባክንም። ካፓሲተሩ 100 ቮልት ይሁን፣ ፕላስና ማይነሱን እንዳትገለብጥ።

የገጠር መምህር፦
ሱቅ ተዘግቷል እኮ!

ቶማስ፦
ይሄ ሁሉ ኢንቨርተር ቢኖር ኖሮ...

ሄለን ኤሌክትሮ፦
የተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፍታ። በአሮጌዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ 200 ቮልት 470 ማይክሮ ፋራድ ይገኛል። ከመንካትህ በፊት ዲስቻርጅ አድርገው (የያዘውን ቻርጅ አስወጣ)! ለሬዚስተሩ 3.9 ኦም ካለህ አራቱን ጎን ለጎን እሰር። ምንም ካጣህ ለዛሬ ኮይሉን አውጣው። ጠርዝ ላይ ቢሆንም የሚይዝ ይመስለኛል። ሬዲዮው ይንኮሻኮሽ።

ዋሽንት ነፊ፦
ርዕሰ መምህሩ ነገ ዜና አይሰሙም።

ሄለን ኤሌክትሮ፦
መምህር፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

ገመዱ፦
ገመዱን ቀየረው?