«ኢምፕሩቭ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የገበሬ አማርኛ የምታውቁ ርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የቃላት አመጣጥ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ አንድ ቃል ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ቃሉ «ኢምፕሩቭ» ነው። ዛሬ ሁሉም ማሻሻል ብሎ ይፈታዋል። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ከድሮው ፈረንሳይኛ «ፕሩ» የመጣ ሲሆን ትርፍ ወይም ጥቅም ማለት ነው። «ኢምፕሩቭ» ማድረግ መጀመሪያ ከአንድ ነገር ጥቅም ማውጣት ነበር፤ በተለይ ከመሬት። በእንግሊዝ አገር ጠፍ ወይም የጋራ መሬትን አጥሮ፣ አርሶ ገቢ እንዲያስገኝ ማድረግንም ይገልጽ ነበር። በአጠቃላይ የተሻለ ማድረግ የሚለው ትርጉም የጎላው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

ተማሪዎች ደግሞ «ፕሩቭ» (ማረጋገጥ) ከሚለው ጋር ዘመድ ነው ወይ ይሉኛል። በሥር አይገናኙም። ድምፁና አጻጻፉ ግን በእሱ ተጽዕኖ ነው እንዲህ የሆነው። ይሄኛው አላስቸገረኝም።

የቸገረኝ የድሮው ትርጉም ነው። «ማልማት» ይቀርባል፤ ግን ሰፊ ነው፣ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ይለማል። እኔ የምፈልገው ገበሬ የሚለውን ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ድንጋይ ይለቀማል፣ እርከን ይሠራል፣ ውሃ የተኛበት መሬት ይጠነፈፋል። ይህን ሁሉ አልፎ ገብስ ማብቀል የጀመረን መሬት በመንዝ፣ በተጉለት ወይም በአንኮበር ምን ይሉታል? አባቶችና እናቶች የሚሉትን ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ከባድ ነው። የወረዳውንም ስም ጨምሩልኝ።