ዊንዶውስ 10 አንቆ ያዘኝ፦ ወደ 11 ልለፍ፣ ሊኑክስ ልጫን ወይስ እንዳለ ልተወው?

ጠያቂ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። ሁለቱም ኮር አይ 5 ሦስተኛ ትውልድ ናቸው። ራማቸው 4 ጊጋ፣ ዲስካቸው የድሮው ሃርድ ዲስክ፣ የተጫነባቸው ዊንዶውስ 10።

ጠዋት አብርቼ፣ ቤቱን ጠርጌ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና አልተነሣም። ትናንት አንዲት እናት የልጃቸውን የትምህርት ማስረጃ ስካን ሊያስደርጉ መጡ። ልክ ስካን ስል ስታክ አደረገ። አጥፍቼ አበራሁ። ደግሞ ስታክ አደረገ። «ተይው ልጄ፣ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው» ብለው በዚያ ፀሐይ ወጡ። ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው።

ፍላሹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ደንበኛ ይሰካል፣ የሚቀጥለው ደንበኛ ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውሱን የጫነልኝ ልጅ ክራክ (ፈቃድ ያልተገዛለት) እንደሆነ የነገረኝም ከጫነው በኋላ ነው።

አንዱ «11 ጫኚ» ይለኛል፣ ሌላው «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ይሻልሻል» ይላል፣ ሦስተኛው «አትነካኪው» አለኝ። ሥራዬ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ውል መጻፍ፣ ስካንና ፕሪንት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እጽፋለሁ። የአሥር ዓመት ፋይል አለኝ፤ አብዛኛው የአማርኛው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አሁን አቅሜ አይፈቅድም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኮምፒውተር ጠጋኝ (ታይዋን አካባቢ፣ ድሬዳዋ)

እህቴ፣ በድሬ ደንብ አንቺ ልበልሽ። ስለ ዊንዶውስና ሊኑክስ ከማውራታችን በፊት ዲስኩን እንይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚ። በሚመጣው መስኮት ላይ «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ከቀረ የሚያንቅሽ እሱ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። መርፌው ፋይሉን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ያንቺ ቀን ይሄዳል። በሱ ፈንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ አስገቢ፤ እሱ የሚሽከረከር ነገር የለውም። 240 ጊጋው ይበቃሻል፤ ሥራሽ ጽሕፈት ነው። ራሙን 8 አድርጊው። ስትገዪ ዲዲአር 3 በይ፤ ዲዲአር 4 አይገባለትም።

ክዳኑንም ከፍተሽ አቧራውን አውጪ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብሎ ያመጣልኝ ኮምፒውተር ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ እንደ ጥጥ ሆኖ ነው ያገኘሁት። በኛ ሙቀት ላይ ይሄ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ግን ዊንዶውሱን ይረግማል።

ዊንዶውስ 11ን እርሺው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ይህን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ የተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት ዋስትና የለውም ይላል። እንጀራዋን በኮምፒውተሩ ለምትበላ ሰው እኔ አልጭንም።

ተማሪ (ድሬዳዋ)

ሊኑክስ ሚንት ጫኚ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ነፃ ነው፤ ክራክ ፍለጋ የለም። ሜኑው ከታች በግራ ስለሆነ እጅሽ ቶሎ ይለምደዋል።

ደስ የሚለው ደግሞ ሳትጭኚ መሞከር መቻልሽ ነው። ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 12 ትጫኛለሽ፤ ከዚያ ከፍላሹ ይነሣል። «ጫን» የሚለውን እስካልነካሽ ድረስ ዊንዶውስሽ እንዳለ ነው። ፍላሹ ላይ ግን ቀርፈፍ ይላል፤ በዚያ አትፍረጂበት። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ ፓኬጅሽን አትጨርሺ፤ እኔ ጋ አለ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

የሾርትከት ቫይረሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። የደንበኛውን ፍላሽ ከፍተሽ፣ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ብለሽ፣ ትክክለኛውን ፋይል ታወጪለታለሽ።

የሒሳብ ሠራተኛ (ሳቢያን)

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠሪ ከሆነ ከዊንዶውስ አትውጪ። እኔ ሊኑክስ ላይ ሞክሬ ሁለት ቀን አባክኜ ተመልሻለሁ። ፒችትሪ ከሌለሽ የልጁ ሐሳብ ጥሩ ነው።

ሌላም ነገር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። የደኅንነት አፕዴቱን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚያራዝም ምዝገባ ግን አለ። 30 ዶላር ይከፈልበታል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽ ባክአፕ እንዲሆን ከፈቀድሽ ደግሞ ክፍያ የለውም። ሕጋዊ ዊንዶውስ ላለው ሰው ጥሩ ፋታ ነው።

መምህር (ሐረር)

እህቴ፣ ፓወር ግዕዝ ያልሽው ላይ ቆም በይ። እኔ እዚያ ላይ ነው የተቃጠልኩት። የትምህርት ቤታችንን የፈተና ፋይሎች ወደ ሊኑክስ ገልብጬ፣ በዎርድ ፈንታ በሚሠራው በሊብሬ ኦፊስ አንዱን ከፈትኩ። «መመሪያ» የሚል ርዕስ የነበረበት ቦታ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስዶ የኛን ፊደል ምስል እዚያ ላይ መሣል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው። ፎንቱ ሲኖር አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ላቲኑ ብቅ ይላል። ከ1999 በኋላም በዚያው በድሮው ፎንት ስንጽፍ ኖረናል።

ስለዚህ ምንም ከመንካትሽ በፊት ዊንዶውሱ ላይ እንዳለሽ የድሮ ፋይሎችሽን አንድ በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊ። ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ዋናዎቹንም አትሰርዢ፣ ባክአፕ አድርገሽ አስቀምጪ። አዲሱን ጽሑፍ በዩኒኮድ ጻፊ። ኪማን የሚባለው መጻፊያ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ አቢሲኒካ ፎንትም በነፃ ይገኛል። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ አያሳስቡሽም።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዲስኩን አየሁት፤ እውነትም 100 ላይ ነው። ግን ደንበኛ የድሮ ውል ይዞ መጥቶ «ስሙን ብቻ ቀይሪልኝ» ቢለኝስ? ፒዲኤፍ አይስተካከልም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ

ለዚህ አንዱን ዊንዶውስ ላይ ተዪው። እንዲህ አድርጊ፦ አንደኛው ሚንት ይሁን፤ ኢንተርኔቱም የደንበኛ ፍላሽም እሱ ላይ ብቻ ይግባ። ሁለተኛው ዊንዶውስና ፓወር ግዕዝ ይኑረው፤ ኢንተርኔቱን ግን ንቀይው። ድጋፉ ያለቀ፣ ያውም ክራክ የሆነ ዊንዶውስ መረብ ላይ አይውልም። ያ ክራክ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። በመሃላቸው ፋይል የምታመላልሺበት የራስሽ አንድ ፍላሽ ይኑርሽ፤ ለሰው አታውሺው።

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ለሁለቱም ኤስኤስዲ አስገባሁ፤ ራም የጨመርኩት ለአንዱ ብቻ ነው፣ ለሌላው ብር ሳገኝ። የዊንዶውሱ እንኳ አሁን ቁጭ ብዬ ሳልጨርስ ይነሣል። ፒዲኤፍ የማድረጉ ሥራ አራት ምሽት ፈጀ። የመምህሩ ነገር ባይኖር ያን ሁሉ ፋይል ፎርማት አድርጌ ላቃጥለው ነበር።

ሚንቱ ላይ ስካነሩ ወዲያው ሠራ። ፕሪንተሩ እምቢ ብሎኝ ነበር። ተማሪው መጥቶ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሊኑክስ ድራይቨሩን አውርዶ ጫነልኝ፤ ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። ሾርትከት የሆነ ፍላሽ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከነምዕራፉ አወጣሁለት።

ያልተስተካከለልኝ አንድ ነገር ሰንጠረዥ ያለበት ሲቪ ነው። ከዎርድ የመጣው በሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ሁለት ገጹ ሦስት ይሆናል።

መምህር (ሐረር)

ብዙ ጊዜ ፎንቱ ነው። ካሊብሪ ሚንት ላይ ስለሌለ በሌላ ይተካዋል። ካርሊቶ የሚባለውን ፎንት ጫኚ፤ የፊደሎቹ ስፋት ከካሊብሪ ጋር አንድ ነው። ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን ሰሪፍ አለልሽ።

ጠያቂ

ካርሊቶን ጫንኩት። ሲቪው ሁለት ገጽ ላይ ተመልሷል።