አስቸኳይ፦ የተረት መጽሐፉ መጨረሻ ሳፋ ውስጥ ገባብኝ፣ ልጄ አልተኛም አለች

የሽምብጡ (ማክሰኞ ምሽት 2፡35)
ኧረ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የግልገል ጉማሬዋ ተረት መጽሐፍ ያላችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ትንሹ ልጅ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ከቶት ላወጣው ስል እጄ ላይ ብጥስጥስ ብለው ቀሩ። መብራት የለም። ስልኬ 19% ነው። ልጅቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ "ከዛስ? ከዛስ?" ትለኛለች። ከራሴ ፈጥሬ ብጨርስላት "አይደለም!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሽምብጥ አካባቢ መጽሐፉ ያለው ሰው ካለ ራሴ መጥቼ አያለሁ።

ፀሐይ በጣና (2፡38)
እህቴ አይዞሽ። ሽፋኑ ምን ይመስላል? የኛ ቤት አንድ አለ፣ ግን ሳየው ዝሆን ነው።

ጋሽ በላይ ሰፈር (2፡39)
ተረት ተረት በያት። "የላም በረት" ትላለች። ሁለት ተረት ሳትጨርሺ ትተኛለች።

ነርሱ (2፡44)
መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ ልናገር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጠዋት 12፡30 ላይ ለትምህርት ቤት የምትቀሰቅሷት ከሆነ ይኸው አሁን መተኛት ነበረባት። ሁለተኛ፣ ዝም እንድትል ብላችሁ ስልክ እንዳትሰጧት። የስልክ ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል፤ ከመኝታ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ስልክም ቴሌቪዥንም ባይኖር ይመረጣል። ማንበባችሁን ግን እንዳትተዉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር ለልጅ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ገና ከጨቅላነቱ ይጀመር ብሏል። ይህን የምለው ብዙ ወላጅ "ፊደል ስትቆጥር ይደርሳል" እያለ ስለሚያቆየው ነው። የልጅቷ ዕድሜ ስንት ነው? አልተጻፈም።

ፀሐይ በጣና (2፡45)
ነርሱ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጅቱ አሁን እያለቀሰች ነው እኮ።

የሽምብጡ (2፡48)
አባቷ ነኝ። 4 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። አያቷ ታመው እናቷ ትናንት ደብረ ታቦር ሄደች። ሁልጊዜ የምታነብላት እሷ ናት። እኔ ከሥራ ስገባ ተኝታ ነው የማገኛት። የእናቷ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ተረት ተረት ብያት ነበር፣ "የላም በረት" አላለችም። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ታየኛለች።

የዘጌ ልጅ (2፡52)
ወንድሜ፣ መጽሐፉን ለምን የግድ አደረግኸው? እኔ ዘጌ ሳድግ ቤታችን ውስጥ አንድ የተረት መጽሐፍ አልነበረም። አያቴ ማታ ማታ ቡና እየቆላች ትነግረን ነበር። አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር በበሬ እንዳይታረስ እንዴት እንዳዘዙ፣ በምትኩ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው እንዴት እንደተሰጠን። ምጣዱ ላይ ቡናው ጠሽ ጠሽ ሲል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እኛም ለመስማት ጠጋ እንላለን። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደናል። ልጅ የሚተኛው በሰው ድምፅ እንጂ በወረቀት አይደለም።

መምህርት (2፡56)
የዘጌው፣ አያትህን ነፍሳቸውን ይማር። ግን አልስማማም። የቃል ተረት የቃል ተረት ነው፣ የመጽሐፍ ተረትም ሌላ ጥቅም አለው። አንዱን መጽሐፍ ደግሞ ደጋግሞ መስማት ለልጅ አዲስ ቃል ያስይዘዋል። እኛን ይሰለቸናል እንጂ እነሱን አይሰለቻቸውም። አባትየው ቃሉን ሲቀይርባት ያለቀሰችው አውቃው ነው። ጎበዝ ልጅ ናት።

ጋሽ በላይ ሰፈር (2፡57)
ተረት ተረት በላት ብያለሁ። ስትጨርስ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" በል። ያስቃታል።

ማንጎ ዳር (2፡58)
አሁን እኔም አልተኛም። ግልገሏ እናቷን አገኘቻት ወይስ አላገኘቻትም?

የመንታዎቹ እናት (3፡02)
ወንድሜ ይህን አንብብና ስልኩን አስቀምጥ፣ ባትሪህ ያልቃል።

የስልክህን ባትሪ መብራት አብራና ውኃ የሞላበት ሃይላንድ ከላዩ አስቀምጥ። ክፍሉ ለስለስ ያለ ብርሃን ያገኛል፣ ዓይኗንም አይወጋትም። መጽሐፉን እሷ ትያዝ። አንተ አጠገቧ ጋደም በል። ከመጀመሪያው ጀምርና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ዝም በል። "ግልገሏ ጉማሬ ወደ ውኃው ጠጋ ብላ..." በልና ተዋት። እሷ ትሞላዋለች፣ በቃሏ ታውቀዋለችና። የጠፋው ገጽ ላይ ስትደርሱ አትፍጠርባት። "እማዬ እዚህ ጋ ምን ነበር የምትለው?" ብለህ ጠይቃት።

ሌላም ልንገርህ። እነዚያን ሁለት ቅጠሎች ብታገኛቸውም ልጅቱ "አይደለም" ልትልህ ትችላለች። እኛ እናቶች ሲደክመን አንድ ገጽ እንዘላለን፣ ሌላ ቀን የልጁን ስም አስገብተን እንጨምራለን። የኔ ልጆች የሚወዱት አንድ ተረት አለ፣ መጨረሻው መጽሐፉ ላይ የለም። እኔው ነኝ አንድ ማታ ያልኩት፣ እንደዚያው ቀረ። አንተ የምትፈልገው ያልታተመ ነገር ሊሆን ይችላል።

የሽምብጡ (3፡09)
እውነትሽን ነው መሰለኝ። አሁን ጠየቅኋት። "ጉማሬዋ በስሟ ጠራቻት፣ ከዛ ሳቀች" አለችኝ። "ማን ብላ ጠራቻት?" ስላት የራሷን ስም ነገረችኝ። መጽሐፉን ገለጥኩት፣ የትም ቦታ የግልገሏ ስም የለም። 11%

መምህርት (3፡10)
እንግዲህ መጨረሻው ተገኘ። እንደዚያው በልላት። አንድ ቃል አትጨምር።

ታንኳ ቀዛፊ (3፡13)
ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ድልድይ ጋ ነው የምውለው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ነው ሣር ሊግጥ የሚወጣው። ግልገሏም ውኃ ውስጥ ሆና ጡት ትጠባለች። በዚህ ሰዓት ጉማሬዎቹ ሣር ላይ ናቸው። ለልጅቱ ንገራት፣ እናትየው ለልጇ ልትመጣ መንገድ ላይ ናት። እንዲያውም ነገ ከነገ ወዲያ አምጣትና ከሩቅ እናሳያታለን፤ አመሻሽ ላይ ጆሯቸውና ዓይናቸው ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል። ጠጋ ብሎ ማየት ግን የለም፣ በተለይ ግልገል ያላትን። ደንገል ታንኳ ትገለብጣለች።

ነርሱ (3፡15)
ጥሩ ነው። ነገም በዚያው ሰዓት አስተኛት። ልማድ የሚመጣው ሰዓቱ ሲጸና ነው።

እማማ ግሽ ዓባይ (3፡18)
ልጄ፣ እሽ በለኝ። ልጅቱ እናቷ ናት የናፈቀቻት። ስለ ጉማሬዋ ብትጠይቅህም ስለ እናቷ ነው። "እማዬ አያትሽን ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች" ብለህ ቁርጡን ንገራት። ዝም አትበላት። አማችህንም እግዜር ይማራቸው።

የመንታዎቹ እናት (3፡20)
እማማ ልክ ናቸው። አንድ ነገር ረሳሁ። የቀረው መጽሐፍ እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ይጨማደዳል። በየቅጠሉ መሃል ሶፍት አስገባና ከባድ ነገር ጫንበት። የጠፉትን ገጾች ነጭ ወረቀት ላይ እሷ ትሳል፣ አንተ የነገረችህን ጻፍበት፣ መጨረሻው ላይ ስፉት። እናቷ ስትመለስ ታነብላታለች።

ማንጎ ዳር (3፡41)
ተኛች?

ጋሽ በላይ ሰፈር (3፡44)
ባትሪው አልቆ ይሆናል። ወይም እሱም አብሮ ተኝቷል።

ፀሐይ በጣና (ረቡዕ ጠዋት 1፡10)
መብራት መጥቷል። የሽምብጡ፣ እንዴት አደራችሁ? የደብረ ታቦሯ ደወለች?

የመንታዎቹ እናት (ረቡዕ ምሽት 1፡30)
ሶፍቱ ሲርስ ቀይረው። አንድ ቀን ካለፈው ገጹ ይጣበቃል።