ባንክ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ የብሩና የወንዙ ዝምድና አላቸው?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ታናሽ እህቴን እንግሊዝኛ ሳስጠናት የወንዝ ባንክ የሚል ነገር መጣና ወንዝ ጋ ደሞ ምን ባንክ አለ ብላ ጠየቀችኝ፣ የወንዝ ዳር ማለት ነው አልኳት ግን ለምን እንደዛ ተባለ ስትለኝ መመለስ አቃተኝ። ዲክሽነሪው ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው። በአጋጣሚ ነው የተመሳሰሉት? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

ቲቸር 4 ኪሎ፦
ዘመዳሞች ናቸው፣ የመጡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው ዲክሽነሪው የለያቸው። ስሩ የጥንት ጀርመኖች ቃል ነው፣ አግዳሚ ወንበርም ከፍ ብሎ የተቆለለ አፈርም ይባልበት ነበር። የወንዙ ከስካንዲኔቪያ በመጡት ሰዎች በኩል ነው እንግሊዝኛ የገባው። የብሩ ግን ብዙ ዞሯል፣ መጀመሪያ ጣልያኖች ከጀርመኖቹ ወሰዱት፣ ከዛ በመካከለኛው ዘመን እነ ፍሎረንስ ላይ ገንዘብ መንዛሪዎቹ ጠረጴዛ ዘርግተው ነበር የሚሰሩትና ጠረጴዛው ባንካ ወይ ባንኮ ይባል ነበር፣ ቆይቶ ስራው ራሱ በጠረጴዛው ስም ተጠራ፣ በፈረንሳይኛ አድርጎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንግሊዝኛ ደረሰ። ቤንች የሚለውም የነሱ ወንድም ነው፣ እሱ ግን ከድሮም እዛው እንግሊዝኛ ውስጥ የነበረ ነው።

ማኪያቶ በቁሙ፦
ቲቸር ተባረክ። እኔ ልጨምር፣ ፒያሳ ካፌ ገብተን ተደግፈን ማኪያቶ የምንጠጣበት ባንኮኒ እኮ ከዚሁ ነው!! በጣልያንኛ ባንኮኔ ትልቅ ባንኮ እንደማለት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ የብሩ ስሙን ብቻ ይዞ ሲቀር የድሮውን ጠረጴዛ ያቆየልን ባንኮኒ ነው፣ ይሄ ነገር በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ምኒልክ የአቢሲንያ ባንክን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፣ ከዛ ጀምሮ ባንክ ባንክ እንላለን፣ ግን ከባንኮኒው ጋር አያይዞ ያነሳልኝ ሰው አላጋጠመኝም

ሰሚት፦
ባንክሩፕትስ? እሱም ከዚህ ነው?

ቲቸር 4 ኪሎ፦
አዎ የኔ እህት፣ ባንካ ሮታ ከሚለው ጣልያንኛ ነው፣ የተሰበረ ጠረጴዛ ማለት ነው። የከሰረ ነጋዴ ጠረጴዛው በአደባባይ ይሰበር ነበር ተብሎ ይወራል፣ እሱን ግን እንደ ተረት እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዢው።

ቦሌ ሚካኤል፦
አውሮፕላን ሲዞር ወደ ጎን ሲያዘነብልም ባንክ አደረገ ነው የሚባለው፣ እሱ በወንዙ በኩል ነው መሰለኝ፣ ተዳፋት ስለሆነ

ቲቸር 4 ኪሎ፦
ትክክል፣ የሱ ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ በጣም ነው የገባኝ። ደም ባንክ የሚባለውስ ለምንድነው ባንክ የሆነው?

ማኪያቶ በቁሙ፦
እሱ ከብሩ ነው ወንድሜ። ቺካጎ ላይ በርናርድ ፋንተስ የሚባል ዶክተር በ1937 እ.ኤ.አ. ሆስፒታል ውስጥ ደም ማስቀመጫ ሲያቋቁም ያወጣው ስም ነው፣ ደም ገቢ ይደረጋል፣ ሲያስፈልግ ወጪ ይደረጋል፣ ልክ እንደ ብሩ