ተረት ከተነበበ በኋላ ይሳሉ ወይስ ይጻፉ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የትናንቱ ክርክር ይቀጥል። አርፍዳችሁ ለገባችሁ፦ አንድ አባት የሦስተኛ ክፍል ልጃቸው አማርኛ ደብተር ላይ ከምንባብ ጥያቄ ይልቅ ሥዕል በዝቶ አገኙና «ይሄ ትምህርት ነው ጨዋታ?» ብለው ለጠፉ። ልጆች ያነበቡትን በሥዕልና በድራማ መመለሳቸው ይጠቅማል ወይስ የንባቡን ሰዓት ይበላል? ስድብ የለም።

የልጅቷ አባት፦ ሥዕል አልጠላሁም። የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አላቸው፣ እዚያ ይሳሉ። የአማርኛው ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ናት። በፈረንጆቹ 2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን እያወቅን ከለር እናድላለን? ልጄ ጅብ አሳምራ ትስላለች፤ «ጅብ» ብለሽ ጻፊ ስላት ግን ታመነታለች።

ጡረተኛው መምህር፦ ተረት በእኛ አገር ድሮም ዝም ተብሎ አይሰማም ነበር። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ልጁ «የላም በረት» ካላለ ጨዋታው አይጀመርም። የኔታ ዘንድም ፊደሉ የሚገባው በዜማ ነው። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ያያችሁ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ተዋናይ ስለነበሩ ተረቱን ይጫወቱት ነበር እንጂ አያነቡትም።

የልጅቷ አባት፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ ስለ ተራኪው ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ አንባቢው ነው።

የገጠር መምህር፦ እኔ ክፍል ውስጥ 68 ልጆች አሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት። ከለር የለም፣ ጠመኔም በልመና ነው። ድራማ ስጀምር ጎረቤት ክፍል ያለው ባልደረባዬ ግድግዳውን ይደበድባል።

አንዲት እናት፦ እኛ ከተማ ውስጥ ከለሩ ሞልቷል፣ ግን የኔ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሆና ነው የተወነችው 😂 የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አራት ደፋሮች ናቸው።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ የአህያ፣ የፍየልና የውሻን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መኪና ተሳፈሩ፤ አህያ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች፣ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፣ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደ። ለዚህ ነው አህያ ከመንገድ የማትነቃነቀው፣ ፍየል የምትሸሸው፣ ውሻ የሚያሳድደው። አስነበብኩና «ውሻ መኪና የሚያሳድደው ለምንድን ነው?» ብዬ አጻፍኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል «መልስ ስላልተሰጠው» ብለው ጻፉ። ራይት በራይት። በማግስቱ ሳሉት አልኳቸው። አንዱ ልጅ ውሻውን ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ አንድ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ሾፌሩን ደግሞ አፉን ዘግቶ ሣለው። «ምን እያደረገ ነው?» ስለው «ጠይቆ ነው፤ ሾፌሩ መልስ አልሰጠውም» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ እንደሱ የገባቸው ሌሎች ስድስት ልጆች አገኘሁ። የገንዘብ መልስ መሆኑን አላወቁም! ወደ ምንባቡ መለስኳቸው፣ «ሒሳብ» እና «ከፈለ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አስምሩ አልኩ። ከዚያ ሁለቱን አስነስቼ በጠጠር ሳንቲም ሲከፋፈሉ ነው የገባቸው።

የልጅቷ አባት፦ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ይሄ የጥያቄሽ ድክመት እንጂ የሥዕል ጥቅም አይደለም። «መልስ ምን ማለት ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ግን የትኛውን ቃል ልጠይቅ? «መልስ» ያስቸግራቸዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ጥያቄ የማወጣው እኔ የጠረጠርኩትን ብቻ ነው። ልጁ ሲስል ያልጠረጠርኩትን ያወጣዋል።

የገጠር መምህር፦ እኔ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው ልጅ ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም። መልስ አለመቀበልን በምን ይወቀው? ጠጠሩን እሞክረዋለሁ፤ እሱ በነፃ ነው።

አንዲት እናት፦ ማርክስ? የልጄ ጎረቤት «ሥዕሏ ስለማያምር» ከአሥር አራት ተሰጣት።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ ለሥዕሉ ማርክ መስጠት ጥፋት ነው፣ እኔ አልሰጥም። ሥሎ «ይሄን ከየትኛው ዓረፍተ ነገር አገኘኸው?» ስለው ጣቱን ምንባቡ ላይ ካላሳረፈ ደግሞ አላነበበም ማለት ነው፤ ያኔ አባትየው ያሉት እውነት ይሆናል። ብዙ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ይሄ ነው። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መጽሐፉን ማንም አይገልጠውም።

የልጅቷ አባት፦ በዚህ እንስማማለን። የልጄ ደብተር ላይ ግን ከሥዕሉ ሥር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም፣ ስለዚህ ሰኞ ትምህርት ቤት መሄዴ አይቀርም። ለነገሩ አሁን ጠርቼ «መልስ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የቱ መልስ?» አለችኝ።