የማርቭልና የዲሲ ጀግኖች የተዋሃዱበት ኮሚክ፣ የቱን ልግዛ ለምትሉ (ጥቆማ)

ሰሞኑን ይሄን የምትጠይቁ በዝታችኋል። የኔ ምርጫ አማልጋም ኮሚክስ ነው፣ የሁለቱ ካምፓኒ ጀግኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ሰው የሚሆኑበት፣ እሱም ከሱፐር ሶልጀር ጀምሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቁማችሁ የ1996ቱን (በፈረንጆቹ) ባለ 4 ክፍል ዲሲ ቨርሰስ ማርቭልን ነው፣ አምስቱን ፍልሚያ አንባቢ በድምፅ ወስኖ የማርቭሏ ስቶርም የዲሲዋን ዎንደር ውመንን፣ የዲሲው ባትማን ደግሞ የማርቭሉን ካፒቴን አሜሪካን ያሸነፉበት፣ አሪፍ ነው ግን ፍልሚያው ተጀመረ ስትሉ ያልቃል። ትልቁ ነገር ያለው ክፍል 3 እና 4 መሃል ነው። እዛ ጋ ሁለቱ ዓለም ይደባለቅና ሁለቱ ካምፓኒዎች ተካፍለው አማልጋም በሚል ስም 12 ኮሚክ ያወጣሉ፣ በ1997 ደግሞ ሌላ 12 ጨመሩ።

ባትማንና ዎልቨሪን አንድ ሰው ሆነው ዳርክ ክሎው ይባላል፣ ትክክለኛ ስሙ ሎጋን ዌይን፣ ጠላቱ ሃይና የጆከርና የሴብርቱዝ ቅልቅል ነው፣ ረዳቱ ስፓሮው ደግሞ የሮቢንና የጁቢሊ።

ሱፐር ሶልጀርን ያስቀደምኩት ታሪኩ በደንብ ስለታሰበበት ነው። ከሌላ ፕላኔት የመጣው ህፃን መንኮራኩሩ ሲከሰከስ ይሞታል፣ ከሱ በተወሰደ ናሙና ሴረም (ጉልበት የሚሰጥ መድኃኒት) ተሰርቶ ክላርክ ኬንት በመርፌ ይወጋል፣ ከዛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ በረዶ ውስጥ አስርት ዓመታት ይቀራል። የሱፐርማንም የካፒቴን አሜሪካም ታሪክ ሳይጎዳ አንድ ላይ ገጥሟል፣ ማርክ ዌይድና ዴቭ ጊበንስ እጃቸው ይባረክ በእውነት።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ጥቃቅኑ ነገር ነው። አማልጋም ለብዙ ዓመት የኖረ ካምፓኒ ተደርጎ ስለተሰራ ገፁ ግርጌ ላይ ይሄን ታሪክ ቁጥር እንትን ላይ አንብቡ ይላችኋል፣ የተባለው ቁጥር ግን በጭራሽ ታትሞ አያውቅም፣ መጨረሻ ላይ ያሉት የአንባቢ ደብዳቤዎችም ፈጠራ ናቸው፣ ደብዳቤ ፀሐፊዎቹ ስላልነበረ ታሪክ ሲከራከሩ ታነባላችሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንዳትዘሉት!

ከአማልጋም ሁለተኛ ምርጫዬ ስፓይደር ቦይ (የስፓይደርማንና የሱፐርቦይ ቅልቅል) ነው፣ የማይክ ዊሪንጎ ስዕል ፈጣንና ሳቂታ ነው፣ ለልጅም ይሆናል። ቡሌትስ ኤንድ ብሬስሌትስ የሚለውን የአማልጋም ኮሚክ ብትዘሉት አይቆጫችሁም።

ውህደት ሳይሆን ቡድን ከቡድን ሲሰለፍ ማየት ለምትፈልጉ የዲሲው ጄኤልኤ (ጀስቲስ ሊግ) እና የማርቭሉ አቬንጀርስ የሚገናኙበትን ጄኤልኤ አቬንጀርስን (2003-2004) የሚያህል የለም። ሰዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ አንድ ገፅ ላይ የሚያጭቀው ጀግና ብዛት ቁጭ አድርጎ ነው የሚያስፈዝዛችሁ። በ2022 የታተመው 7,000 ኮፒ ብቻ ስለነበር ያገለገለ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ እትም ካለ ጠይቁ።

አገዛዙን በተመለከተ፣ በ2024 የወጣው ትልቁ የአማልጋም ኦምኒበስ (ወፍራም ጥራዝ) የአማልጋም ኮሚኮቹን ሁሉ አንድ ላይ ይዟል፣ ውጭ ላላችሁና መደርደሪያ ላላችሁ እሱ ነው የሚያዋጣው። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ላይብረሪ ጠይቁ፣ እነሱ ጋ ባይኖርም ከሌላ ላይብረሪ ያስመጡላችኋል። አዲስ አበባ ላለነው ግን ያ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ የሰው ሻንጣ ውስጥ ከባድ ነው፣ ለሚመጣ ዘመድ የ1996ቱን ቀጫጭን የአማልጋም እትሞች አንድ በአንድ እዘዙ፣ አምስት ስድስቱ ልብስ መሃል ይገባል። ዶክተር ስትሬንጅፌት የሚለውን ግን ከ1996ቶቹ መጨረሻ ላይ አንብቡት፣ የተደባለቀው ዓለም እንዳይለያይ የሚታገለው እሱ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ዲሲ ቨርሰስ ማርቭል ክፍል 4 ያስገባችኋል።